አስተርእዮ በሲሊከን ገጽ ላይ

«አንዱ ፌዝ ጠፍቷል» የሚል የመብራት ሠራተኛ ለአማርኛ ጆሮ ቀልደኛ ይመስላል። ፌዝ በእኛ ቋንቋ ዋዛ ነው፣ ማላገጥ ነው፤ ፌዘኛ ደግሞ ቁም ነገር የማይገኝበት ሰው። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያስገባ ወፍጮ ቤት ግን አንዱ ሲጠፋበት ሥራ ፈትቶ ይውላልና ለዋዛ ጊዜ የለውም። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ገጠሙ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የቆጣሪው ፌዝ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ የግሪክ ቃል ነው፤ በየሄደበት ሥራ አያጣም። ከሰማይ ተነሥቶ ኬሚስት ቤት ገባ። ከዚያም ውፍረቱ ከአንድ አቶም የማያልፍ ብረት ሲሊከን ላይ ተነጥፎ ከአንድ ጠባይ ወደ ሌላ ጠባይ ሲለወጥ የሚያጠኑ የፊዚክስ ሰዎች ያለ እሱ መነጋገር አቃታቸው። ክፉኛ የተፈተነውም እነሱ ዘንድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት የሳይንስ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በግሪክ «ፋይኔይን» ማሳየት፣ ወደ ብርሃን ማውጣት ነው። ከእሱ የወጣው «ፋሲስ» መታየት፣ መገለጥ ማለት ነው። ይህን ሥር የአማርኛ አንባቢ ሳያውቀው ያውቀዋል። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የጥምቀትን በዓል ኤጲፋንያ ይሉታል፤ «ኤጲ» በላይ ነው፣ የቀረው ያው መገለጥ። የግዕዝ ሊቃውንት ደግሞ «ርእየ»፣ ማለትም አየ፣ ከሚለው ግስ አስተርእዮ ብለው መለሱት። ስለዚህ ጥር 11 የሚገባው ዘመነ አስተርእዮ የወፍጮ ቤቱን ፌዝ በትርጉም ይዘመደዋል። ፈንጠዝያ እንኳ ከዚያው ቤት ናት፤ «ፋንታስያ» የተባለው የግሪክ ቃል በሌሎች ቋንቋዎች ዞሮ ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጭፈራ ሆነ።

የጥንት ከዋክብት ቆጣሪዎች ፋሲስን ለየት ባለ ጉዳይ ይጠቀሙበት ነበር። ኮከብ በፀሐይ ብርሃን ተሸፍኖ ከርሞ ንጋት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ሲል፣ ያ ብቅታ ፋሲስ ነው። የእስክንድርያው በጥሊሞስ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚሁ ስም መጽሐፍ ጽፏል። በኋላ ቃሉ ለጨረቃ ተሰጠ። ጨረቃ አንዲት ናት፤ ማጭድ ሆና ትታያለች፣ ጎደሎ ሆና ትታያለች፣ ሙሉ ሆና ትታያለች። ያው አካል በተለያየ መልክ ሲገለጥ፣ እያንዳንዱ መልክ ፋሲስ ተባለ። ይህን አሳብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ኬሚስትሪ የተዋሰው እሱን ነውና።

የተዋሰው ሰው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በኒው ሄቨን ተወልዶ፣ በዚያው በዬል ሲያስተምር የኖረ ዝምተኛ ሰው ነው። በ1876 እና በ1878 የኮነቲከት የሳይንስ አካዳሚ በሚያሳትመው፣ አንባቢው እጅግ ጥቂት በሆነ መጽሔት ላይ፣ ስለ ተቀላቀሉ ቁሶች ሚዛን ረጅም ጥናት አወጣ። በረዶ፣ ውኃና እንፋሎት አንድ ነገር ናቸው፤ ግን አንድ ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ምን ብሎ ይጥራቸው? ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ማለት አይበቃውም፤ አንድ ጠጣር ነገር ራሱ ሁለት ሦስት ዓይነት አደረጃጀት ሊኖረው ይችላል። (ጋዝም ቢሆን እኛ ዘንድ ምድጃ ላይ የሚነድ ነዳጅ ሆኖ ቀርቷል።) ጊብስ ከጨረቃ ወሰደ። ቅንብሩና ጠባዩ አንድ የሆነውን ሁሉ አንድ ፌዝ አለው፤ ጠብታም ይሁን ሐይቅ፣ ድቡልቡልም ይሁን ዝርግ። መጠንና ቅርጽ አይቆጠሩም። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል የጥናቱን ክብደት ቀድመው ከተረዱት ጥቂቶች አንዱ ነበር፤ ከዚያ በፊት የወጣ የጊብስን ሒሳብ በእጁ በጀሶ ቀርጾ ወደ ኒው ሄቨን ልኮለታል። ኬሚስቱ ኦስትቫልድ በ1892 ወደ ጀርመንኛ ሲመልሰው ቃሉ በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ተሰራጨ።

መጠን አይቆጠርም የሚለውን እናቆየው። ከውፍረት በቀር ሁሉ ያለው፣ ውፍረት ግን የሌለው ብረት ሲመጣ የሚነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ግጥምጥሞሽ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ጄሮም ብሉይ ኪዳንን ወደ ላቲን ሲመልስ የዕብራይስጡን የፋሲካ ስም «ፋሴ» ብሎ በላቲን ፊደል አስቀመጠው፤ አንባቢ እንዳይቸገር ደግሞ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ላይ «ትራንዚቱስ» የሚል ፍቺ ጨመረለት፤ መሻገር ማለት ነው። ዛሬ በየፊዚክስ መጽሔቱ «ፌዝ ትራንዚሽን» እየተባለ የሚጻፈው ጥንድ፣ ከጊብስ 1,500 ዓመት ገደማ በፊት ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። የዘር ግንኙነት የለውም፤ አንዱ ዕብራይስጥ፣ ሌላው ግሪክ። የእኛ ሰባክያንም ፋሲካን ሲፈቱ ማዕዶት፣ መሻገር ይላሉ፤ የትንሣኤ ማግስት ሰኞም ማዕዶት ይባላል። ሥርወ ቃል ላይ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ወጥመድ ሲያይ መደሰትም መጠንቀቅም አለበት። ሁለት ቃላት ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ዘር አይጋሩም።

ትራንዚሽንን ሽግግር ማለት ለእኔ ያረካል። ላቲኑ «ማዶ መሄድ» ነው፤ አማርኛውም ከተሻገረ ወጥቶ ወንዝ ይሸታል። ጠያቂው ቀጥሎ የሚጠይቀው እንዴት እንደ ተሻገረ ነው፤ ዘሎ ነው ወይስ ቀስ ብሎ? ፓውል ኤረንፌስት በ1933 ሽግግሮችን አንደኛ ደረጃ እና ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ከፈላቸው። በአማርኛ ሲነገር ትምህርት ቤት ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ውኃ ሲፈላ ሙቀት እየጠጣ ቴርሞሜትሩ አይነቃነቅም፤ ይህ አንደኛ ደረጃ ነው። ማግኔት ሲግል ጉልበቱ እየመነመነ ሄዶ አንድ ሙቀት ላይ ሲጠፋ ሁለተኛው ነው። አንደኛ ደረጃ ሽግግር አንድ ምልክት አለው፤ ሲቀዘቅዝ የሚሻገርበትና ሲሞቅ የሚመለስበት ሙቀት አንድ አይሆንም። መዘግየቱን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኢዊንግ ማግኔት ላይ አይቶ፣ ወደ ኋላ መቅረት ከሚል የግሪክ ግስ «ሂስተሪሲስ» ብሎ ሰየመው።

አሁን ብረቱ ወደሚነጠፍበት ነገር እንምጣ። ሲሊከን ስሙን ያገኘው «ሲሌክስ» ከተባለው የላቲን ቃል ነው። ሲሌክስ ባልጩት ነው፤ የሙሴ ሚስት ሲፓራ በችኮላ ያነሣችው ዓይነት ስለታም ድንጋይ። ሃምፍሪ ዴቪ በ1808 «ሲሊሲየም» ሊለው ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ቶማስ ቶምሰን በ1817 ይህ ብረት አይደለም፣ የከሰልና የቦሮን ዘመድ ነው ብሎ መጨረሻውን እንደ «ካርቦን» አደረገው። ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራውን ጥርት ያለ ድንጋይ ግሪኮች «ክሪስታሎስ» ይሉት ነበር። ክሪስታሎስ መጀመሪያ በረዶ ነው። ድንጋዩ ለዘለዓለም የረጋ ውኃ ነው ብለው ስላመኑ የበረዶውን ስም ሰጡት፤ ክሪስታል የሚለው ቃል ገና ሲወለድ የመርጋት ታሪክ በሆዱ ይዞ ነበር። ግዕዝም ከዚህ አልራቀም፤ እብነ በረድ ቃል በቃል የበረዶ ድንጋይ ነው። የዮሐንስ ራእይ አማርኛ ትርጉም ደግሞ ግሪኩ ክሪስታሎስ ባለበት ቦታ ብርሌ አስገብቷል፤ ጠጅ ቤት ያለው ብርሌ ዘመዱ ይህን ያህል ክብር እንዳለው የሚያስታውስ ጠጪ ብዙ አይመስለኝም።

ገጽ ለሚለውም እንዲሁ። ላቲኑ «ሱፐርፊሲየስ» የፊት በላይ ማለት ነው፤ እኛም ፊትንም፣ የመጽሐፍ ገጽንም፣ ገጸ ምድርንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ተዋሰ የሚል የለም። ሁለቱም ሕዝብ ወደ ውጭ የሚመለከተውን ነገር ፊት አለው፤ ይኸው ነው።

ሴሚኮንዳክተር የሚለው ስም ግን ከሁሉ ያናድደኛል። ቮልታ በ1782 እንደ እብነ በረድ ያሉ፣ ኤሌክትሪክን አጥብቀውም የማይዙ በቀላሉም የማይለቁ ነገሮችን ከፊል አስተላላፊ ጠባይ አላቸው አለ። ጀርመኖች «ሃልብላይተር» ብለው ቃሉን ለዛሬው ትርጉሙ የተከሉት በ1910 እና በ1911 ገደማ በፍራይቡርግ ነው። አማርኛውም ከፊል አስተላላፊ ብሎ ተከተለ። ከፊል ሲባል ሰነፍ አስተላላፊ ይመስላል፤ ግማሽ ሠርቶ ግማሽ የተወ። እውነቱ ሌላ ነው። ፋራዴይ በ1833 የብር ሰልፋይድን ሲያሞቅ ማስተላለፉ ጨመረ፤ ብረት ሲሞቅ ግን ይቀንሳል። ጠባዩ መሐል ላይ የሚገኝ ሳይሆን የተገለበጠ ነው፤ በሙቀት፣ በብርሃንና በጥቂት ባዕድ አቶም የሚታዘዝ መሆኑ ነው ዋጋው። ስም አውጪዎቹ ይህን አላዩም፤ ስሙ ግን ጸና።

ከፍራይቡርግ ጋር የሚምታታ ሌላ የጀርመን ከተማ አለ፤ በሳክሶኒ ያለችው ፍራይበርግ። የማዕድን ከተማ ናት። ማዕድን የሚለው ቃላችን ከዓረብኛ ሲሆን መጀመሪያ የሚቆፈርበትን ቦታ ነበር የሚያመለክተው፤ ግሪኩ «ሜታሎን»ም እንዲሁ መጀመሪያ ጉድጓዱ ነበር፣ በኋላ ከጉድጓዱ የወጣው ነገር ሆነ። በ1863 የፍራይበርግ ማዕድን አካዳሚ መምህር ፈርዲናንድ ራይክ ከአካባቢው የዚንክ ድንጋይ ውስጥ አዲስ ነገር እየፈለገ ነበር። ድንጋዩ ሲቃጠል የሚሰጠውን የብርሃን መስመር በፕሪዝም ማየት ያስፈልጋል፤ ራይክ ግን ቀለም የማይለይ ሰው ነበር። ስለዚህ ረዳቱ ቴዎዶር ሪኽተር ዓይኑን ሰጠው። ሪኽተር ማንም ያልመዘገበው ደማቅ ወይን ጠጅማ ሰማያዊ መስመር አየ፤ ኢንዲጎ የሚሉት ቀለም። ኢንዲጎ ራሱ «ኢንዲኮን» ነው፤ ከሕንድ የመጣ ማቅለሚያ። አዲሱ ብረት ኢንዲየም ተባለ። የቅዱስ ቶማስን ታሪክ የሚያነብ ሰው ቶማስ ዘህንደኬ የሚለውን ያውቃል፤ ህንደኬ ደግሞ የግሪኩ «ኢንዲኬ» ነው። ስለዚህ ኢንዲየም ለግዕዝ አንባቢ ባዕድ ስም አይደለም፤ ብረቱ ግን ሕንድን አይቶ አያውቅም። በ1886 በዚያችው ፍራይበርግ ክሌመንስ ቪንክለር ሜንዴሌዬቭ ከ15 ዓመት በፊት የተነበየለትን ንጥረ ነገር አግኝቶ በአገሩ ስም ጀርመኒየም አለው። አንዲት ከተማ ለእኛ ታሪክ ብረቱንም ንጣፉንም ሰጠች።

ኢንዲየምን ሲሊከን ላይ የሚያነጥፍ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላት የሲሊከን ቅንጣቢ አየሩ እጅግ አድርጎ በተመጠጠ የብረት ክፍል ውስጥ በሁለት መቆንጠጫ ትያዛለች። ኤሌክትሪክ ይለቀቅባታል፤ ትቀላለች፣ ከዚያም ወደ ነጭነት እየሄደች 1,200 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የለበሰችው ኦክሳይድ ተኖ ይሄዳል። ዝግ ብላ ስትቀዘቅዝ፣ 830 ዲግሪ አካባቢ የገጿ አቶሞች ቦታቸውን ለውጠው አዲስ ሥርዓት ይይዛሉ፤ ይህ ራሱ ሽግግር ነው። ከዚያ ኢንዲየም በትንሽ ማሰሮ ግሎ ይተንባታል። ተመራማሪው የሚያየው አቶም አይደለም፤ ዝቅተኛ ኃይል ያላቸው ኤሌክትሮኖች ከገጹ ነጥረው በፎስፈር ስክሪን ላይ የሚያበሯቸውን አረንጓዴ ነጥቦች ነው። በክፍሉ ተራ ሙቀት ነጥቦቹ «አራት በአንድ» ይላሉ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ይለቀቃል። ከዜሮ በታች 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በነጥቦቹ መካከል አዲስ ደብዛዛ ጭረቶችና ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ «ስምንት በሁለት» ሆነ። ብቅታ ነው፤ በጥሊሞስ ፋሲስ የሚለው።

አራት በአንድ ምንድን ነው? አቶሞቹ የሚሠሩት ጥለት ነው። የገጹ አቶሞች ቦታቸውን ባይለውጡ ኖሮ የሲሊከን ጥለት የሚደገምበትን ርቀት አንድ በአንድ እንበለው፤ ኢንዲየሙ በአንዱ አቅጣጫ በየአራቱ፣ በሌላው በየአንዱ ይደገማል ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ርቀት እጥፍ ይሆናል። ይህን አጠራር የወሰነችው ኤልዛቤት ዉድ ናት፤ የቤል ላቦራቶሪ የክሪስታል ተመራማሪ። በ1964 ለገጽ ክሪስታል ጥናት ቃላት የሚያበጅ ጽሑፍ አወጣች፤ በየቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ በራሱ ቋንቋ ይናገር ስለነበር አስፈላጊነቱ ግልጽ ነበር። ዛሬም ማንም ገጽ የሚያጠና ሰው የእሷን አጻጻፍ ይጽፋል። ዉድ ተሳፋሪ ከአውሮፕላን መስኮት የሚያየውን ሳይንስ የሚያስረዳ መጽሐፍም ጽፋለች፤ ሰው ለሚያየው ነገር ስም መስጠት የምትወድ ነበረች ለማለት እደፍራለሁ። የራቁት ሲሊከን «ሰባት በሰባት» ጥለት በ1959 በነጥብ ታየ፤ አቶሞቹ አንድ በአንድ በዓይን የታዩት ግን በ1983 ነው፤ ቢኒግና ሮረር ከባልደረቦቻቸው ጋር ዙሪክ አጠገብ በሠሩት ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ።

ኢንዲየሙ ለምን ይሻገራል? አቶሞቹ በሰልፍ የቆሙ ስስ ሽቦዎች ናቸው፤ ሙቅ ሲሆኑ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ሩዶልፍ ፓየርልስ በ1955 በታተመው መጽሐፉ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ብረት ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እንደሚጠጋጉ፣ ኤሌክትሮኖቹም በዚያ ኃይል ቆጥበው መንገዱን እንደሚዘጉ አስረድቶ ነበር። ኢንዲየሙ ይህን ያደርጋል፤ ሲቀዘቅዝ ማስተላለፉን ይተዋል። በ2017 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ በሌዘር ብልጭታ ቀዝቃዛውን ጥለት ወደ ሙቁ መልሶ ፍጥነቱን ለካ፤ 350 ፌምቶሰከንድ። ፌምቶ ከዴንማርክኛ «ፌምተን» ነው፣ አሥራ አምስት፤ ከነጥብ በኋላ አሥራ አምስተኛው ቤት።

እስካሁን ሁሉ ነገር የተስማማ ይመስላል፤ እርሳስና ቆርቆሮ ሲገቡ ግን ቃሉ ይንገዳገዳል።

መጀመሪያ ስሞቹ። እርሳስ ከዓረብኛው «ረሳስ» ነው። የተማሪ እርሳስ ውስጥ አንዲትም የእርሳስ ቅንጣት የለችም፤ አውሮፓውያን ግራፋይትን የእርሳስ ዓይነት ነው ብለው ሲሳሳቱ ስሙ ተላልፎ በዓረብኛ በኩል እኛ ዘንድ ደረሰ። ኬሚስቱ ሼሌ በ1779 ግራፋይት ከሰል ነው ብሎ ቢያረጋግጥም ስሙን የመለሰው የለም። የግዕዙ ስም ዐረር ነበር፤ የፈርዖን ሠራዊት በኦሪት የሰመጠው እንደ ዐረር ነው። አማርኛ እርሳስን ሲዋስ ዐረር ጥይት ላይ ቀረ። ሮማውያን እርሳስንና ቆርቆሮን ሁለት ብረት አላሏቸውም፤ ጥቁር «ፕሉምቡም» እና ነጭ «ፕሉምቡም» ነበሩ። ግዕዝም ናእክን ለሁለቱም ይጠራበታል። ቆርቆሮ ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ጣራ ሆኗል። የገረመኝ፣ የጥንቶቹ ቅልቅል በጀርመኒየም ገጽ ላይ እውነት መምሰሉ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች እዚያ አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው።

በ1996 በቴነሲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጀርመኒየም ላይ ለሦስት አቶም ቦታ አንድ የእርሳስ አቶም ብቻ አስቀመጡ። በክፍል ሙቀት ማይክሮስኮፑ ሁሉም አቶም እኩል ሆኖ አሳያቸው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ገጹ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ትልቅ ጥለት ሆነ። በዓመቱ ቆርቆሮም እንዲሁ ማድረጉ ታወቀ። ሽግግር ተባለ፣ የኤሌክትሮን ማዕበል ተባለ። በ1999 ግን ሌላ ቡድን ቆርቆሮውን እጅግ ፈጣን በሆነ የብርሃን ዘዴ ተመለከተው፤ በክፍል ሙቀትም ቢሆን ሁለት ዓይነት የቆርቆሮ አቶም አለ። እኩል አልነበሩም። ከፍና ዝቅ እያሉ ሲዘሉ ማይክሮስኮፑ ዘገምተኛ ስለሆነ አማካዩን ብቻ ነው ያየው። ሲቀዘቅዝ አዲስ ከፍታ አልተፈጠረም፤ የሚዘሉት ተረጋግተው በየቦታቸው ቀሩ። ታዲያ ያ ለስላሳ ገጽ ምን ነበር? ሁነት ነበር ወይስ መልክ?

ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው እዚሁ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። የፕሮጀክት ሰዎች ፌዝን ምዕራፍ ይሉታል፤ ምዕራፍ ከዐረፈ ስለሆነ ማረፊያ ነው፣ ለመንገድ ሥራ ይስማማል፣ ለአቶም ግን አይሆንም። ደረጃ ከኤረንፌስት ጋር ይጋጫል። ሁነት በመጽሐፍ የተለመደ ነው፤ ከሆነ የወጣ ስለሆነ ግን «በእርግጥ እንዲህ ነው» ይላል። ፋሲስ እንዲያ አላለም፤ «እንዲህ ታየ» ነው ያለው። እኔ ብመርጥ መልክ እላለሁ። ቆርቆሮው በክፍል ሙቀት ለዘገምተኛ ዓይን አንድ መልክ፣ ለፈጣን ዓይን ሌላ መልክ አለው፤ መልክ ሲባል የሚያይ ሰው እንዳለ አይዘነጋም።

የጊብስ «መጠን አይቆጠርም»ስ? ሲሊከን ላይ ያለ እርሳስ እሱን ይመልሳል። የሽፋኑ መጠን በሲሊከን አቶም ልክ ሲቆጠር ከ1.2 ወደ 1.33 ከፍ ይበል፤ ዓይን የማያየው፣ በሚዛን የማይያዝ ጭማሪ ነው። በዚያች ጠባብ ክልል ውስጥ፣ ቅዝቃዜው ከበረታ፣ አንዱ ጥለት ከሌላው እየተለየ በርካታ የተስተካከሉ መልኮች ተራ በተራ ይወጣሉ። ሁፓሎ፣ ትሪንጊደስና ሽማሊያን በ2003 «የዲያብሎስ ደረጃ» ብለው አወጡት፤ በማንኛውም ሁለት ደረጃ መካከል ሌላ ደረጃ ለሚገኝበት ግራፍ የሒሳብ ሰዎች ያወጡት ስም ነው። እዚህ መጠን ራሱ ነው መልኩን የሚወስነው። ጊብስ ግን ሞኝ አልነበረም፤ በዚያው ጥናቱ ስለ ገጽ ለብቻው ረጅም ክፍል ጽፎ፣ ገጽ የራሱ ሕግ እንዳለው አስቀድሞ ለይቶታል። ሁሉ ነገሩ ገጽ የሆነ ብረት ግን በእጁ አልነበረውም።

ሽፋኑ ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር መሆኑም ታይቷል። በ2010 የቤይጂንግ ተመራማሪዎች ሲሊከን ላይ ከአራት በአንድ በተለየ ጥለት ያነጠፉት ኢንዲየም ከ3.18 ኬልቪን በታች ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፍ ብረት፣ የመሆን ምልክት አሳየ፤ ወፍራም ኢንዲየም ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው በ3.4 ኬልቪን ነው። የእርሳሱ 1.83 ኬልቪን ነበር፤ ወፍራም እርሳስ ግን 7.2 ላይ ይሻገራል። ኢንዲየሙ በመሳሳቱ ምንም ያልጎደለበት መምሰሉ አጠያየቀ። ጽሑፉ ሽፋኑን ባለ አንድ አቶም ውፍረት ብሎ ነበር፤ በዘመኑ ሁሉም እንዲያ ያምን ነበርና። በ2012 የኮሪያ ተመራማሪዎች ስሌት አውጥተው በዚያ ጥለት ያለው ኢንዲየም 1.2 ሳይሆን 2.4 ሽፋን፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ሁለት መሆኑን አሳዩ፤ አብዛኛው አጥኚም ተቀበለው። የ2010 ጽሑፍ ርእስ ዛሬም «ባለ አንድ አቶም ሽፋን» እንዳለ ነው፤ ለእርሳሱ ልክ ነው፣ ለኢንዲየሙ ስሙ አንድ ብረቱ ሁለት ነው።